በካሴት የተለሰነ ግድግዳ

ከሩቅ ሆኖ ቤት ማሠራት ያላዩትን ማመን ነው። ተካ ደግሞ ግንበኛ ነበርና በዓይኑ ያላየውን ማመን አልለመደበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲያቆም ኖሮ፣ የራሱ ግድግዳ በሚለሰንበት በ1987 ዓ.ም. እሱ ከደምቢ ዶሎ ወዲያ፣ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይገነባ ነበር።

ነፋስ ስልክ ያለው ቤቱ ከጓሮው ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ጭቃቸው ረግፎ፣ ማገራቸው ወጥቶ፣ ዶሮ የሚያድርባቸው ነበሩ። እነሱን አሳድሶ ሊያከራይ፣ በኪራዩም ሊጦር ቆርጧል። ጉልበቱ ድንጋይ ይዞ መነሳት እያቃተው ነበር፤ ክፍሎቹ ተከራይ ካገኙ ካምፕ የሚባል ነገር ዳግም ላያይ ምሏል።

በአካባቢው ስልክ የለም። ደብዳቤም ለግድግዳ አይሆንም፤ በደብዳቤ ላይ ሁሉም ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ በካሴት ሆነ። ስንቅና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሹፌር ገብረ መድኅን በየአሥራ አምስት ቀኑ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ የተካን ድምፅ ለሚስቱ ለውብነሽ ያደርሳል፤ የእሷን ይዞ ይመጣል። ቴፑ የካምፑ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የሸምሱ ነው። የቴፑ ባለቤት ስለሆነም እያንዳንዱን ካሴት አብሮ የመስማት መብት እንዳለው ያምን ነበር።

የተካ የመጀመሪያ ትእዛዝ እንዲህ የሚል ነበር፦ "ውብነሽ፣ ልስኑ ሲደርቅ ቴፑን ግድግዳው ሥር አስቀምጪና በጣትሽ አንጓ አንኳኪልኝ። በደንብ የያዘ ልስን ድፍን ድምፅ አለው። ያልያዘ እንደ ከበሮ ነው። ነገሪ ጨርሻለሁ ቢልሽ እንኳ እኔ ሳልሰማ እንዳትቀበዪው።"

ነገሪ ለሳኙ ነው። እጁ ጥሩ ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይፈጥናል።

የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ ሸምሱ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

"ይቺ ሴትዮ ግድግዳ ነው የምትመታው ወይስ ስኳር ልትበደር የጎረቤት በር?"

"ተዋት ባክህ። ውብነሽ እንኳን ግድግዳ፣ ሰውም ተቆጥታ አታውቅም" አለ ተካ። ስለ ልስኑ ግን ከመንኳኳቱ ምንም አልሰማም ነበር።

ሁለተኛው ካሴት የደረሰው የካቲት መግቢያ ላይ ነው። መጀመሪያ የደብረ ዘይት መንገድ የጭነት መኪኖች ጉርምርምታ መጣ። ቀጥሎ የፋብሪካ ፊሽካ። ከዚያ መንኳኳት ጀመረ።

ተካ ሻዩን አስቀመጠ።

ምቱ ከላይ ጀምሮ ስንዝር በስንዝር ይወርዳል። በየስንዝሩ ሁለት ሁለቴ ይመታና ጆሮ ያስጠጋ ይመስል ጥቂት ይቆያል። ሲወርድ ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ የነገሪ ድምፅ ከሩቅ ገባ፦ "እሱን እለፊው፤ ገና አልደረቀም እኮ!" እዚያው ቦታ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ተመታ። ዱብ፣ ዱብ። ባዶ ነበር። ወዲያው ውብነሽ ተንደርድራ ገባችና፣ "ያው እንግዲህ ተካዬ፣ ከመስኮቱ በስተግራ ትንሽ ነገር አለ መሰለኝ… እኔ ነኝ የመታሁት" አለች።

"ጎበዝ ሆነችልህ!" አለ ሸምሱ።

"እሷ አይደለችም።"

"ራሷ እኔ ነኝ እያለች?"

"ሚስቴን አውቃታለሁ። እጇ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም፤ አፏ ግን ልጅ ለማዳን ሲሆን ይዋሻል።"

ሸምሱ የትኛዋን ልጅ ብሎ አልጠየቀም። ተካ ስለ ልጁ አያወራም፤ ሰው ዝም ያለበትን መጠየቅ ደግሞ በካምፕ ነውር ነው።

ቤተልሄም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷ የፊተኛውን ቤት ሲለስን ከኋላው እየተከተለች የደረቀውን ታንኳኳ ነበር። እሱ አንድ ጊዜ መምታት አስተማራት፤ እሷ ሁለት አደረገችው። "አንዱ ሲዋሽ ሌላው እንዲያጋልጠው ነው አባዬ" አለችው። እንዲህ የሚመታ ሌላ ሰው በሙያው ዘመን አላጋጠመውም።

በ1984 ታኅሣሥ፣ በገብርኤል ዕለት፣ ቤተሰቡ ነጭ ለብሶ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሲነሳ ይህችው ልጅ አልሄድም አለች። ጌታን ተቀብያለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ጎፋ ነው የማመልከው አለች። ቤቱ እንግዳ ሞልቶት ነበር። ተካ፣ "እንግዲያው ጌታሽ ያስጠልልሽ" ብሎ በሩን ከፈተላት። ሰው ሲቆጣ የሚናገረው ለተቆጣበት ሰው ብቻ አይደለም፤ ቆሞ ለሚያየውም ጭምር ነው። እንግዶቹ በልተው ሄዱ። ቃሉ ግን ሦስት ዓመት እዚያው ቤት ተቀመጠ።

ተካ በመልሱ ላይ ስለ እሷ አንዲት ቃል አልተናገረም። "ከመስኮቱ በስተግራ ያለው ፈርሶ እንደገና ይለሰን። ነገሪን፣ ሰምቶሃል በይው" ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ቴፑን ሳያጠፋ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ውብነሽ ከዚያ ዝምታ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ትርጉሙ አይጠፋትም።

ሦስተኛው ካሴት መጣ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ድፍን ሆኗል። ከዚያ ውብነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ተካዬ፣ ካወቅክ ወዲያ ምን ልደብቅህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎፋ በእግሯ ትመጣለች። የምትገባው በጓሮ በር ነው። ምሳ ስሰጣት አሸዋው ክምር ላይ ተቀምጣ ትበላለች እንጂ ቤት ግቢ ብላት እሺ አትልም። 'አባዬ በአፉ አውጥቶኛል፣ በአፉ ያስገባኝ' ነው የምትለው። ይሄ ግትርነት ከእኔ ዘር አልመጣም መቼም! አሁን ተከራይ ተገኝቷል፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱንም ክፍል ይፈልጋሉ። እሷን ደግሞ አከራዮቿ ልቀቂ ብለዋታል። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣ ጓደኛዋ ናት። ምን ላድርግ? አንተም ደክሞሃል፣ አውቃለሁ። እንደ ፈቀድክ።"

ካሴቱ ባዶውን ሲሽከረከር ሸምሱ ተነሳ።

"አካፋ ልቆጥር ነው" አለ።

"ትናንት ቆጥረህ የለም እንዴ?"

"ተሳስቼ ይሆናል፤ ሰው አይደለሁም?" ብሎ በሩን ከውጭ ገጠመው።

ተካ ብቻውን ቀረ። ቁልፉን ተጭኖ፣ "ቤተልሄም" አለ። ፖሊስ ስም የሚጠራ መሰለውና አጠፋው። እንደገና ጀመረ፤ ስለ ሲሚንቶ ሆነበት። አጠፋው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ይቅርታ ትጠይቀኝ እንጂ፣ ሲል ኖሯል። አሁን ግን አሸዋ ላይ ተቀምጣ ሳህን የያዘች ልጅ ከፊቱ አልሄድ አለችው። እውነትን ይዣለሁ የሚል ሰው ሁሉ፣ እውነቱን ሲይዝ ከእጁ የወደቀውን ጎንበስ ብሎ ማየት ነበረበት፤ እሱ አላየም።

"ቤቲ፣ አባትሽ ነኝ" አለ በአራተኛው። "ከመስኮቱ በስተግራ ያለውን እኔም ብሆን አላገኘውም ነበር።" ይህ ውሸት ነው፤ ያገኘው ነበር። "በአፉ ያስገባኝ ብለሻል አሉ። ይኸው በአፌ። በፊተኛው በር ግቢ። ከጓሮዎቹ ክፍሎች የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ያንቺ ነው። ተከራዮቹ አንዱ ከበቃቸው ይግቡ፣ ካልበቃቸው መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው። በሃይማኖቱ ነገር እኔ ሐሳቤን አልለወጥኩም፤ አንቺም እንዳልለወጥሽ አውቃለሁ። ስመጣ እንከራከራለን። ቤት ውስጥ ሆነን፣ ራት ቀርቦ።"

ካሴቱን ለገብረ መድኅን ሰጥቶ ወደ ሥራ መሪው ድንኳን ሄደ፤ ውሉም ለአንድ ዓመት እንዲታደስ ጠየቀ። በአንድ ክፍል ኪራይ ሁለት ሽማግሌ አይጦርም።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ገብረ መድኅን ባዶ እጁን መጣ።

"ካሴቱስ?" አለ ተካ።

"የለም። ሊቀዱ ተቀምጠው ነበር፤ ሲጨቃጨቁ ሰዓቴ አለፈና ጥያቸው መጣሁ።"

"በምን ይጨቃጨቃሉ?"

"በቀለም። የጓሮው ክፍል ሰማያዊ ይሁን ትላለች እናት። ልጅቷ ደግሞ ክሬም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድከው? ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።"

"የት ሆነው?"

"የት ይሆናሉ፣ ሳሎን ነዋ።"

"ልጅቷም?"

"ልጅቷማ ሶፋው ላይ ናት፤ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሰብስባ። ምነው?"

ተካ ፊቱን ወደ ቦዩ አዞረ።

"ስትሄድ ለውብነሽ ንገርልኝ" አለ። "ክሬም ይሁን።"

"እሱንማ ራስህ በካሴት ንገራት፤ እኔን ከሚስትህ አታጣላኝ!" አለ ገብረ መድኅን።