አባባ የመሩት ፈረንሳይኛ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሐዴራ፣ ጊቫት ኦልጋ በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ ዳርቻ ወንበሬን አሸዋው ላይ ተክዬ ተቀምጬ ሳለ ከኋላዬ አንድ ዜማ ሰማሁ። ዜማው የእኛ ነው፤ የጎንደር፣ የአያቴ። ቃሉ ግን ፈረንሳይኛ ነው። አንድ ሰውዬ ሴት ልጁን የቤት ሥራ እያስጠናት ነበር። ወዲያው ዞሬ አየሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ መዞሩን ፈራሁት። ባሕሩን እያየሁ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ያን ዜማ ፈረንሳይኛ ያለበሰው ማን እንደሆነ በሐዴራ ከተማ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከዚሁ ባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ግድግዳው በጨው ነፋስ በተላላጠ የመንግሥት ኪራይ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ እዚህ አገር የገባሁት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ስለሆነ ጎንደርን የማውቀው ከአባባ አፍ ብቻ ነው። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን ከእኛ ከአይሁዶቹ ቄስ እግር ሥር ቁጭ ብለው ጸሎቱን ከነዜማው በቃላቸው የያዙ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ሐዴራ ባሕር ዛፍ የሞላባት ከተማ ናትና ነፋሱ ሽታውን ሲያመጣላቸው፣ አገራችን ዛፉ ብቻ ነበረን፣ እዚህ ከነባሕሩ ሰጡን እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልደኛ ቢሆኑም አንድ ነገር ከሆዳቸው አይወጣም ነበር፤ የተማሩትን የሚቀበላቸው ልጅ አላገኙም። ወንድሞቼ ከኳስ ሜዳ አይመለሱም፣ የጎረቤት ልጆችም እንደዚያው። አባባም ደግመው አይጠይቁም፤ ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ዐረብኛ ወይም ፈረንሳይኛ ምረጡ ተባልን። እኔ ፈረንሳይኛን የመረጥኩት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ በሚኖሩት የሞሮኮ ሴትዮ ምክንያት ነው። በስልክ ከእህታቸው ጋር በፈረንሳይኛ ሲጣሉ እንኳ የሚዘፍኑ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ባለ ቋንቋ መቆጣት መቻል ትልቅ ነገር መሰለኝ።

መምህራችን ሞራ ዣክሊን፣ ሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ፈጣን ሴት ነበረች። ግሱን ሰሌዳው ላይ ትጽፍና አንድ በአንድ እያስነሣች ታስብለናለች። እኔ ስነሣ ችግር ነው። ቤታችን የተማርኩት በትልቅ ሰው ፊት ዓይንን ሰበር፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ደግሞም «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ከወተት ጋር የገባ ነው። ሞራ ዣክሊን መሬት መሬት ማየቴን ስንፍና፣ ዝምታዬን አለማጥናት አደረገችው። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ አስቆመችኝና፣ በሚመጣው ማክሰኞ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ግሱን ካላረባሁ ከፈረንሳይኛ ወጥቼ የዕብራይስጥ ድጋፍ ወደሚሰጥበት ክፍል እንደምገባ ነገረችኝ።

ያንን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን። ከስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው አጠገብ ያለ፣ ላስቲክ ላስቲክ የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። በመስኮቱ ሲያዩት ተቀማጮቹ በሙሉ የእኛው ልጆች ናቸው። እኔ ደግሞ ሕልሜን እንኳ በዕብራይስጥ ነበር የማልመው። አንዴ የገባ ልጅ ተመልሶ ሲወጣ አላየሁም።

በዚያው ማታ በረንዳው ላይ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ሳጠና አባባ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱኝና፣ «አንቺዬ፣ ወረቀቱን ትጠብቂዋለሽ ወይስ ትማሪዋለሽ?» አሉኝ።

የሆነውን ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

«ዝም አይነቅዝም የተባለው ለሰው ሐሜት ነው፣ ለትምህርት ነው እንዴ?» አሉ። «እኛ በዓይናችን አልተማርንም። በጆሯችን ነው። መምህራችን ይመራሉ፣ እኛ እንቀበላለን። በይ ሞራሽ ያለችውን በዪ።»

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ፈረንሳይኛ አያውቁም።»

«አንቺስ ታውቂያለሽ?»

በጆሮዬ የቀረውን አልኩላቸው፤ ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል። ሦስቱ አንድ ከሆነ ፈረንጁን ምን አደከመው ብለው ተገረሙ። ትርጉሙን ጠየቁኝ። «መናገር» ማለት ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ሞራሽ አዋቂ ናት፤ የጎደለሽን ነው የሰጠችሽ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ዜማ ፈለጉለት። ይህ ጸሎት አይደለም፣ ጸሎት ላይ አልቀልድም፤ መምህሬ ለጀማሪ ልጅ አፍ ማፍቻ የሚያዜሙልን ነው አሉኝ። የመጀመሪያዋን ቃል እሳቸው ይመራሉ፣ የቀረውን እኔ እቀበላለሁ። ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ተቀባይ ከመሪ አይቀድምም፤ ብቀድም በጣታቸው ወንበሩን መታ መታ አድርገው ከሥሩ ያስጀምሩኛል። እንዲያ እያልን ሰነበትን። የሞሮኮዋ ሴትዮ ከታች ሆነው «ብራቮ!» ሲሉ አባባ ደስ ይላቸዋል፤ ሰላም እንደተባሉ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይመልሳሉ።

ማክሰኞ ስሜ ተጠራና ወጣሁ። ጠመኔ የሚሸተው ሰሌዳ ፊት ቆምኩ። ግሱ ከዳር እስከ ዳር ሆዴ ውስጥ አለ። ግን የሚመራኝ የለም። እኔና አባባ ስንት ጊዜ ስንለማመድ እኔ እንድጀምር አንድም ቀን አላደረግንም፤ ለሁለታችንም አልታየንም። መሪ ሳይኖር ማን ይቀበላል? ከኋላ የተቀመጠው ኮቢ የሚባለው ቀልደኛ መሳቅ ጀመረ። ሞራ ዣክሊን ጠብቃ ጠብቃ መነጽሯን አወለቀችና እስክሪብቶዋን አነሣች። ጊዜው ከመስፈሪያው አልፎ የሚፈስ ውኃ መሰለኝ፤ አንድ ነገር ካላልኩ አለቀልኝ።

«አንቺ ጀምሪ» አልኳት።

ዕብራይስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለውም። ሌላው ልጅ ሁሉ ከዚያ የባሰውን ሲላት ይውላል። እኔ ግን እንደዚያ አድርጌ ለታላቅ ሰው ትእዛዝ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበርና ፊቴ እሳት ሆነ። ክፍሉ «ኡኡ» አለ። ሞራ ዣክሊን አየችኝ፤ ያን ጊዜ እኔም ዓይን ዓይኗን እያየሁ እንደነበር ልብ አልኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዠ ፓርል» አለች።

ዓይኔን ጨፈንኩና ተቀበልኩ። በአባባ ዜማ፣ አባባ በሚስቡት ቦታ እየሳብኩ፣ በሚሰብሩት ቦታ እየሰበርኩ፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓርሎን፣ ቩ ፓርሌ ብዬ እስከ መጨረሻው አደረስኩት። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ። ስጨርስ ሞራ ዣክሊን ሌላ ግስ ጀመረችልኝ፤ ተቀበልኩ። ሌላም። ደወሉ ሲደወል፣ ሐሙስ ቦታሽ ላይ እጠብቅሻለሁ ብላኝ ወጣች። ዜማውን ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ቤት ስደርስ አባባ ደረጃው አፍ ላይ ቆመው ነበር። «ማን መራሽ?» አሉኝ። ሞራዋ አልኳቸው። «ድምፅ አላት?» የላትም አልኳቸው። «ይሁን፣ ትለምዳለች» አሉ። እውነትም ለመደች። ኮቢ ለማሾፍ ብሎ ዜማዬን በእረፍት ሰዓት ሲያንጎራጉር ውሎ ለፈተና እሱኑ ያዘው፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ በመጨረሻ ሞራ ዣክሊን ራሷ ትምህርቱን በእሱ ትጀምር ነበር። አባባም ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ዛሬስ ምን አመጣሽልን?» እያሉ ይጠብቁኛል። ደስታቸው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

አባባ እዚሁ ሐዴራ አርፈዋል። ዛሬ ዛሬ በስግድ፣ በእኛ የጾምና የጸሎት በዓል፣ ቄሶቹ ሲያዜሙ የሚቀበሏቸው ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ልጆቼ ስልካቸውን ይዘው ምን እያሉ ነው ይሉኛል፤ እኔም አላውቀውም። ከአባባ የቀረኝ ያ የአፍ ማፍቻ ብቻ ነው፣ እሱም በፈረንሳይኛ። ብዙ ጊዜ ይህ ያሳዝነኛል።

ያን ዓርብ ባሕሩ ዳር ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ዠ ፓርል» ብሎ መራ። ልጅቱ ዝም አለች። ደግሞ መራ፤ አሁንም ዝም። ያኔ ሳላስበው፣ ፊቴ ወደ ባሕሩ እንደሆነ፣ ተቀበልኩት። ቩ ፓርሌ ላይ ስደርስ የእሱም ድምፅ ተቀላቀለ። ዞርኩ። መላጣ ሆኗል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ ግን ኮቢ ነው። ስሜን ጠርቶ ተነሣና ሳቀ። ለልጁም፣ እኔና እሷ አብረን ነው የተማርነው፣ ይህንን ዜማ ያወጣችው ሞራ ዣክሊን ናት ብሎ ነገራት።

«አይደለችም» አልኩ። «የአያቴ ነው። ተገኘ ይባላሉ።»

ልጅቱ አሸዋውን ከጉልበቷ አራገፈችና፣ «የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት።