የጋሽ ታምራት ሐሙስ

ባለፈው ሐሙስ እናቴን አጥቤ ጀርባዋ ላይ ፓውደር ስነሰንስላት፣ ሽታው ጋሽ ታምራትን ፊቴ አቆመብኝ። ሮም፣ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ የሚባለው አደባባይ አጠገብ በነበረው ምድር ቤታቸው፣ የደናሽ ጫማ እንዲንሸራተት ሲሚንቶው ላይ ፓውደር ይነሰንሱ ነበር፤ ለዶሮ ጥሬ የሚበትኑ ይመስል።

ጋሽ ታምራት ሳክስፎናቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ የመጡ የጃዝ ሰው ነበሩ። ሮም ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ የሚያርፈው ሐሙስ ከሰዓት መሆኑን አይተው ክለባቸውን በዚያው ሰዓት ከፈቱ። ከምሳ በኋላ የሚደነስበት ቤት! ጣሊያኖቹ ሙዚቀኞች ሳቁባቸው። ዓመት ሳይሞላ ግን ወረፋው ደረጃውን አልፎ መንገድ ወጣ፤ የሳቁትም አብረው ለመጫወት ይለማመጧቸው ጀመር። ሳምንቱን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ወለል የሚወለውሉ ሴቶች እዚያ ሲገቡ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። የእናቴን ነገርማ ተዉት።

እኔ ግን ያንን ቤት እጠላው ነበር። ሲስተር ከምንላቸው መነኮሳት አዳሪ ቤት ወጥቼ እናቴን የማገኘው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። እሷ ስትደንስ እኔ የካፖርት ክምር ላይ ተቀምጬ አራንቻታ እጠጣለሁ።

አሥር ዓመቴ ላይ ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። የመሥሪያ ቤት ጣሊያንኛ ሲመጣ በእኛ ልማድ ለማስተርጎም የሚጠራው ልጅ ነው፤ እኔ ተጠራሁ። እዚህ የሚያድር ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

«ማንም የለም በያቸው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ ጋሽ ታምራት።

ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላቸው ሦስት ወጣቶች ከመጋረጃው ኋላ እንደሚያድሩ አውቅ ነበር። ጥርት ባለ ጣሊያንኛ «ሦስት ሰዎች፣ ከመጋረጃው ኋላ» አልኩ። ሲስተሮቹ ውሸት ኃጢአት ነው ስላሉኝ አልነበረም። እናቴን ለብቻዬ ፈልጌ ነው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ቤቱ ታሸገ። ሦስቱ ወጣቶች የት እንደደረሱ እስከዛሬ አላውቅም። እናቴ ስትጠይቃቸው ጋሽ ታምራት፣ «ልጅቷ ያልኩትን ነው የተረጎመችው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሏት። ሳክስፎናቸውን ሸጠው፣ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሰሃን ሲያጥቡ ኖረው፣ በዚያው ቃላቸው ሞቱ።

እኔም ሐሙሴን አገኘሁ። ከእናቴ ጋር አደባባዩ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። የምናወራው አልነበረንም፤ እግሯ ብቻ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል።

አሁን ብዙ ነገር ትረሳለች። ፓውደሩን አሽትታ «ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አላስቻለኝም። «እማዬ፣ የጋሽ ታምራትን ቤት ያስዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳት፤ አርባ ዓመት የያዝኩትን።

እግሯ ወለሉን መታ መታ አደረገ።

«አሎራ፣ እንግዲያው ጫማዬን አምጪልኝ» አለች። «ሳይዘጋ እንድረስ።»