የበዛ ቅዝቃዜ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ገብረመድህን እባላለሁ፤ የፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ሁለተኛዋ ልጄ ትርሓስ ናት፤ ሕፃናት የምትከትብ ነርስ። ሦስተኛው አቶ ሐጎስ ናቸው፤ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ የነበሩት። አራተኛዋ ዘሐራ ናት፤ ከወሎ መጥታ መቐለ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሸጥ እናት። አምስተኛዋ ለምለም ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋ የነበረች እናት። ለምለምን በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

ሰዎቹን አስቀድሜ የዘረዘርኩት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው እንዲታወቅ ነው። ጥፋቱ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ከዚያ በፊት አሥራ ሰባት ዓመት የሥጋ ቤትና የመጠጥ ቤት ፍሪጅ ስጠግን ኖሬያለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ጋዝ መሙላት፣ ኮምፕረሰር መቀየር፣ ቱቦ መበየድ የተማርኩት እያቃጠልኩና እየተቃጠልኩ ነው። በዚህ እኮራ ነበር።

አቶ ሐጎስ ወደ ክትባት ክፍል ወሰዱኝና የፍሪጁን ክዳን ከፍተው ቴርሞሜትሩን አሳዩኝ።

“ከስምንት በላይ አይወጣም፣ ከሁለት በታች አይወርድም” አሉኝ።

“ከስምንት በላይ ከወጣ ይበላሻል፤ እሱ ገብቶኛል። ከሁለት በታች ቢወርድስ?”

“መመሪያው አይወርድም ነው የሚለው።”

እሳቸውም ከዚህ በላይ አያውቁም ነበር። ሌላ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ሥጋ ሻጭ ደንበኛ ሥጋዬ በጣም ቀዘቀዘብኝ ብሎ ከሶኝ አያውቅም፤ ስለዚህ የበዛ ቅዝቃዜ የሚባል ነገር የለም ብዬ ደመደምኩ።

መብራት የሚመጣውና የሚሄደው እንደፈቀደው ነበር። እኔም መላ አበጀሁ። መብራት ሲመጣ የፍሪጁ መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ሰባት ቁጥር ድረስ ይዞራል፤ ፍሪጁ ቅዝቃዜ ያከማቻል፤ መብራት ሲጠፋ በተከማቸው ይቆያል። በቀይ ቀለም ወረቀት ላይ ጻፍኩና ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ፦ “መብራት ሲመጣ እስከ ሰባት አዙሩ። ገብረመድህን።” ወረቀቱ ስድስት ዓመት እዚያ ኖረ። በሌሎች ቦታዎች ክትባት በሙቀት ተበላሸ ሲባል የእኛ አንድም ቀን አልተበላሸም ነበር። አቶ ሐጎስ በስብሰባ ላይ አመስግነውኛል።

በየብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ በክቡ መሐል ደግሞ ነጭ አራት ማዕዘን። ሙቀት ሲያገኘው አራት ማዕዘኑ ይጠቁራል። የእኛ ሁልጊዜ ነጭ ነበር። ያ ምልክት ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ብርድ ምንም እንደማይናገር አላውቅም ነበር።

ትርሓስን ያሳደግኋት ብቻዬን ነው። እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ርቧት አላደረችም፤ ደብተር አጥታም አታውቅም። ግን በቤቴ ቃሌ አንድ ነበር። ልጅ ለአባቱ መልስ አይመልስም፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አይናገርም። እሷም “እሺ አቦይ” እያለች አደገች። ነርስነት ተምራ ስትጨርስ እኛው ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ተመደበች። ግቢ ውስጥ “አቶ ገብረመድህን” ትለኛለች፤ ከበር ስንወጣ “አቦይ” እሆናለሁ። ጥበቃው “ጋሼ፣ በሩ ላይ ነው እንዴ የምትወልዳት?” እያለ ይስቅብን ነበር።

በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ከነካርቶኑ የተቀመጠ አንድ ትንሽ መሣሪያ አገኘች። ቀንና ሌሊት የፍሪጁን ሙቀት እየለካ የሚመዘግብ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚያው ነበር፤ የከፈተው ሰው አልነበረም። እሷ አስነሥታ ፍሪጁ ውስጥ አስገባችው። በሦስተኛው ቀን ወደ መጠገኛ ክፍሌ መጣች።

“አቶ ገብረመድህን፣ መሣሪያው ማስጠንቀቂያ አሳይቷል። ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዷል ይላል።”

“ጠዋት ቴርሞሜትሩ ስንት ይላል?”

“አራት።”

“እንግዲያው የተበላሸው መሣሪያው ነው።”

“አዲስ ነው እኮ።”

“አዲስ ዕቃ አይበላሽም ያለሽ ማነው? አንቺ የጠጋኝ ልጅ ነሽ ወይስ የሻጭ?”

ሳቀች። ከዚያ “እሺ” አለችና ሄደች። እኔም መዝገቡ ላይ “መዝጋቢው መሣሪያ ብልሽት አለበት” ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መብራት ማታ ይመጣል፤ ሰባት ላይ የተደረገው ፍሪጅ ብልቃጦቹን በረዶ ያደርጋቸዋል። ጎህ ሳይቀድ መብራት ይጠፋል፤ ሰው ሥራ እስኪገባ በረዶው ይሟሟል፤ ቴርሞሜትሩም አራት ይላል። ቴርሞሜትር የሚናገረው ሰው ባየው ሰዓት ያለውን ብቻ ነው።

ትርሓስ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ከተበች። ሌላ ሰው የነገራት ቢሆን ኖሮ ትከራከር ነበር። እኔ ስለሆንኩ ዝም አለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሁለት ብልቃጥ ይዛ መጣች።

“ይህኛውን ሆን ብዬ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጌ መልሼ አሟሙቼዋለሁ። ይህኛው ከፍሪጃችን የወጣ ነው። አንድ ላይ ይነቅንቋቸው፣ አቦይ።”

በሥራ ቦታ አቦይ ስትለኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱን በአንድ እጄ ይዤ ነቀነቅኋቸውና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸው።

“አሁንስ?”

“አሁን እናያለን። ደህና ክትባት እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይቆያል። በረዶ ሆኖ የነበረው ፍርፋሪ ይሠራና ወደ ታች ይዘቅጣል።”

አጠገቤ ተቀመጠች። ፍሪዘር የገባው ፍርፋሪ እየሠራ መዝቀጥ ጀመረ። እኩል ከእሱ ጋር የእኛም ዘቀጠ። ከሁለቱ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

“ሌላ አምጪ” አልኳት።

ሦስት አመጣች። ሦስቱም ያው ሆኑ።

“ለምን ቀደም ብለሽ አላሳየሽኝም?”

“ነግሬዎት ነበር።”

“ደግመሽ አትነግሪኝም ነበር?”

“ሁለቴ ስናገር ወድደው ያውቃሉ?”

 ምሳ ዕቃዋን ከፍታ እንጀራዋን ለሁለት ከፈለችው። ሁለታችንም አልበላንም።

አቶ ሐጎስ ቢሮ ስንገባ ሰምተው እስኪጨርሱ አላቋረጡንም። ከዚያ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

“ብልቃጦቹን እናስወግዳለን። ምክንያቱን የመብራት መቋረጥ እንበለው። መቐለ ውስጥ መብራት ጠፋ ቢባል ማን ይከራከራል?”

“ልጆቹስ?”

“ክትባቱ ሦስት ዙር ነው። ቀሪው ዙር ያግዛቸዋል።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ስማኝ ገብረመድህን። እነዚህን እናቶች የወጋናችሁ የተበላሸ ነው ብለን ብንጠራቸው ነገ ልጅ የሚያመጣልን የለም። ያኔ የሚጎዳው ስንት ልጅ ነው?”

አቶ ሐጎስ ክፉ ሰው አልነበሩም። የፈሩት ነገር የሚፈራ ነው። ወደ ልጄ ዞርኩና “አንቺስ ምን ትያለሽ?” አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ ጠይቄያት አላውቅም።

“መሣሪያው ከገባ ወዲህ የተከተቡት ሠላሳ አንድ ናቸው። ትክትክ የትኛው ዙር ነው ብሎ አይጠብቅም” አለች። “የወጋኋቸው እኔ ነኝ፤ የምጠራቸውም እኔ ልሁን።”

ሪፖርቱን በእጄ ጻፍኩት። ክትባቱ በረዶ ሆኖ ተበላሽቷል፤ በረዶ ያደረገው የእኔ ትእዛዝ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የሻርኩት እኔ ነኝ። አቶ ሐጎስ አነበቡትና “ጡረታህ እኮ ደርሷል” አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ቆይተው ከሥሩ ፈረሙ። “ከእናቶቹ ጋር ግን የምትነጋገረው አንተ ነህ።”

ቀዩን ወረቀት በቢላ ፍቄ አነሣሁት። ከበላይ ሠላሳ አንዱ እንዲጠሩ ፈቃድ መጣ፤ አዲስ ክትባትም ተላከልን። መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የተከተቡት ግን ማስረጃ ስላልነበረ አልተጠሩም።

በእግር ዞርን። ዘሐራን ያገኘናት ከተሰቀሉ ሱሪዎች ሥር ነው፤ ልጇን ሐያትን አዝላለች።

“አባባ፣ ሱሪ ነው? ለእርስዎ ቁመት አለኝ።”

“ሱሪ አይደለም። ልጅሽ የተከተበችው ክትባት በብርድ ተበላሽቶ ነበር። አይጎዳትም፤ ግን ከበሽታ አይጠብቃትም። እንደገና መከተብ አለባት።”

ትርሓስን አየቻት፤ ከዚያ እኔን። “ክትባት በብርድ አይደለም እንዴ የሚቀመጠው?”

“ልክ አለው።”

“እንደ ጨው በሉኛ።”

“እንደ ጨው።”

“ማነው ያበዛው?”

“እኔ ነኝ።”

 ሱሪ አጣጠፈች፤ ያጣጠፈችውን መልሳ ፈታችው። “ያን ቀን ሲያተኩሳት አድሯል። ሲያባብሏት ያደሩት እርስዎ አይደሉም።”

“እውነትሽን ነው።”

“ወላሂ፣ መብራት ነው ብለውኝ ቢሆን በዚህ ቀበቶ ነበር የማስርዎት።” ጎረቤቷን ዕቃውን እንድትጠብቅላት ነገረቻት። “እንሂድ። ዛሬ ግን ይዘው የሚያስወጉት እርስዎ ነዎት። እኔ ልቤ አይችልም።”

በዚያ ክፍል ያን ሁሉ ዓመት ስመላለስ ልጅ ሲከተብ ቆሜ አይቼ አላውቅም። ፍሪጁን አይቼ እወጣ ነበር። ሐያትን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። እግሯ ከእጄ ጣቶች ብዙም አይወፍርም። ትርሓስ “ጠበቅ ያድርጓት፣ ግን አያስጨንቋት” አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። መርፌው ሲገባ ልጅቷ ትንፋሿን ያዘች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ብየዳ ያጠቆረውን አውራ ጣቴን ጨብጣ አልለቅ አለች። አፍንጫዋን ሸሚዜ ላይ ጠረገች። ዘሐራ ከበሩ ሆና “ይቻሉት፣ የዘሩትን ነው የሚያጭዱት” አለችኝ።

በማግሥቱ ስድስት እናቶች ከገበያው ራሳቸው መጡ። ዘሐራ ነግራቸው ነው። አቶ ሐጎስ ወረፋውን በመስኮት አይተው ወንበር አወጡላቸው።

ሁሉም እንደዚህ አልሆነም። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ አንድ አባት “መሞከሪያ አይደለንም” ብሎ በሩን ዘጋብን። አንዲት እናትም አልመጣም አለች። ሁለቱንም ልወቅሳቸው አልችልም።

ለምለም ግን አልተገኘችም። ልጇ ሴት ስለሆነችና ስትከተብ ሰማንያ ቀኗ ገና ስላልሞላ ክርስትና አልተነሣችም፣ ስምም አልወጣላትም ነበር፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው “የለምለም ልጅ” ተብሎ ነው። ስልኳ አይሠራም። ፓርኩ በር ላይ የሥራ መውጫ ሰዓት ጠብቀን ጠየቅን። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ለምለም ሥራ እንደለቀቀች ነገረችን። አከራይዋ ደግሞ ልጅቷን ክርስትና ልታስነሣ ወደ እናቷ አገር ሄዳለች አሉ። የትኛው አገር እንደሆነ አያውቁም። ትርሓስ የምታውቃቸውን የገጠር ጤና ጣቢያዎች ሁሉ በስልክ ጠየቀች። ለምለም የሚባሉ ብዙ ሴቶች አሉ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ትርሓስ ምሳ ላይ ትከራከረኛለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ትረታኛለች። መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ስትዘገይ በር በሩን አያለሁ።

ለዚህ ሙያ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። መብራት መጣ ብላችሁ መቆጣጠሪያውን አትንኩ። ከእናንተ በታች ያለ ሰው አንድ ጊዜ ከነገራችሁ ሁለተኛውን አትጠብቁ።

ያስከፈለን ድምሩ ይህ ነው። አንድ መቶ አርባ ስድስት ብልቃጥ ተወግዷል። ሃያ ስምንት ሕፃናት ሁለት ጊዜ ተወግተዋል። የሁለት ልጆች ወላጆች እምቢ ብለዋል። አንዲት ልጅ አልተገኘችም። ወረቀቱ ተለጥፎ የኖረባቸው ስድስት ዓመታት በዚህ ድምር ውስጥ የሉም፤ የመዘገባቸው የለም።