የሁዳዴ ሸርጣኖች

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከአክስቴ ከሙሉ ነው፤ ተረቶቿ ውስጥ ደግሞ ጅብም አንበሳም አልነበረም። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ኮሪያኖቹ ሠፈር፣ ኮሪያታውን ውስጥ በአንድ የባሕር ምግብ ቤት ኩሽና ትሠራ ነበር። ያኔ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ካለው አፓርትማችን ጀርባ፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ አባቴ አመሻሹን ከሰል አያይዞ ዓሣ ሲጠብስ እኛ ልጆች እሷን ከበን እንቀመጣለን፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ የፍሙ ብርሃን ፊቷን እያቀላው፣ ቢላዋ የያዘች ይመስል እጇን እየሰነዘረች ታወራልናለች።

ኮሪያኖች ባሕርን የሚበሉት በየወቅቱ ነው ትለን ነበር። በብርዱ ኦይስተር የሚሉትን ከነዛጎሉ የሚቀርብ ፍጥረት፣ በመከር ሥጋው የሞላ ወንድ ሸርጣን፣ በጸደይ ደግሞ እንቁላል ያዘለችው ሴቷ። እኛ የምንወደው ግን አሟሟታቸውን ነበር። ባለ ስምንት እግሩ ኦክቶፐስ በሕይወቱ ተቆራርጦ፣ ሰሐን ላይ እየተላወሰ የበላተኛውን ከንፈር እንዴት ጥብቅ አድርጎ እንደሚይዝ፤ ሴቷ ሸርጣን እንቁላሏን እንዳቀፈች ሶይ ሶስ በሚባለው ጥቁር ጨዋማ መረቅ ውስጥ እንዴት እንደምትሰጥም። እንጮሃለን፣ ድገሚልን እንላለን።

ባሏ ጋሼ ታደሰ ሥራዋን አይወደውም። በእኛ ቤት በጾም ዓሣ ይበላ ነበር፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት ግን ርኩስ ነው። እሱ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፤ እጇን ታጥባም ያቀረበችለትን ምግብ አንዳንዴ ገፍቶ ይነሳ ነበር።

አንድ የሁዳዴ ቅዳሜ፣ አባቴ እንደልማዱ ዓሣ ሲጠብስ፣ አክስቴ በረዶና በሕይወት ያሉ ሸርጣኖች የሞሉበት ሣጥን ይዛ መጣች።

«ወቅታቸው ስለሆነ ሼፏ ጊፍት አድርጋ ሰጠችኝ» አለች። «ነገ ለኮሪያዋ ጎረቤቴ ነው የምሰጠው። ልጆቹ እንዲያዩ ብዬ ነው፤ ኦኬ?»

ኮሪያኖች ሸርጣን የሚከፍቱት በመቀስ ነው። እሷም መቀሷን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ እንዴት እንደሆነ ልታሳየን የአንዷን እግር ቆረጠች። ሸርጣኗ በቀሩት እግሮቿ አየሩን ትቧጥጥ ጀመር።

ጋሼ ታደሰ መምጣቱን ያወቅነው ሣጥኑን በእርግጫ ሲመታው ነው። ሸርጣኖቹ አስፋልቱ ላይ ተበተኑ።

«በሁዳዴ?» አላት። «በዚህ እጅሽ ነው እንጀራ የምታቀርቢልኝ?»

በጥፊ መታት፤ አፍንጫዋ ደማ። ሹሩባዋን በአንድ እጁ ጠቅልሎ፣ በሌላው የቀኝ እጇን አንጓ ጨምድዶ፣ ዓሣ ወዳልተጣደበት የፍሙ ጎን ጎተታት።

«ሥራውን ኩዊት ታደርጊያለሽ ወይስ ይቃጠል?»

«ታዴ፣ ልጆች ያያሉ» አለችው ቀስ ብላ።

መዳፏን ፍሙ ላይ ደፈቀው። ጮኸች። የሸተተኝን ሽታ ዛሬም በቃል መናገር አልችልም። መቀሱ በግራ እጇ ነበር፤ ስታነሳው ሆዱን ልትወጋው መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጋሼ ታደሰ ሲጎትት በነበረበት ጉልበት በጀርባው ወድቋል፤ የተቆረጠው ሹሩባ እጁ ውስጥ ቀርቷል።

«አልለቅም» አለች አክስቴ። እጇን በሻርፗ ጠቅልላ ወደ ፌርፋክስ ወጣች፤ ወደ ቤቱም አልተመለሰችም። አሁን ሌላ ከተማ፣ ግሌንዴል ትኖራለች። ቀኝ መዳፏ አጥብቆ አይጨብጥም፤ ሸርጣን ግን ዛሬም ትከፍታለች።

ሰው ሲጠይቀኝ የማወራው ስለ መቀሱ ነው፤ እሱን ሲሰማ ሁሉም ደስ ይለዋል። ብቻዬን ስሆን ግን የሚመጣብኝ ሌላ ነው። አባቴን እወደዋለሁ፤ ቀንና ሌሊት ታክሲ ነድቶ ያስተማረኝ ደግ ሰው ነው። ያን ቀን ግን፣ አክስቴ ስትጎተት፣ መጀመሪያ ያየሁት ወደ እሱ ነበር። እህቱ ናት፤ አሁን ይይዘዋል፣ አሁን ይገላግላታል ብዬ ጠበቅሁ። ከከሰሉ ማዶ ቆሟል፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስባታል። እኔንም አየኝ፣ እሷንም አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እንዳያርበት፣ ዓሣውን ገለበጠ።