በእህቴ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ዐይን

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሰመራ ላይ ደግሞ፣ በዚያ ሙቀት፣ መብራት ጠፋ መጣ ሲል፣ የነበረችኝም ቅንጣት አለቀች። እህቴ አዋሽ ላይ ባሏን ጥላ እኔ ዘንድ ስትመጣ የያዘችው አንድ ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ነበር። የአምስት ዓመት ሴት ልጇን አባትየው አልሰጥም ብሎ አስቀራት። ቁጭ ብንል ብንነሳ ወሬያችን ልጅቷን ስለማምጣት ነበር።

ሰውዬው የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ነው። ኮምፒውተር ስለሚጠግን አዋሽ ውስጥ የማይወደው የለም። አንድ ቀን ደወለልኝና በዚያ በለሰለሰ አንደበቱ፣ "እህትሽ ለፍርድ ቤት የምትጽፈው ማመልከቻ በጣም ረዝሟል፤ አሳጥሪላት" አለኝ። ክው አልኩ። ማመልከቻው ገና አልታተመም፤ ከሁለታችን በቀር ያየው ሰው አልነበረም።

ከስክሪኑ በላይ ያለችው የካሜራ መብራት ሳንነካት እንደምትበራ ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ለካ የሚሰልል ፕሮግራም ጭኖብናል። ፈልጌ አጠፋሁት፤ ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲከፈት እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አንቲቫይረስ ጫንኩ። "ተወግዷል" አለኝ፤ ውሸቱን ነው። እየተነሳሁ አያለሁ፣ እየተቀመጥኩ አያለሁ፣ ወጡ ያርርብኛል። በመጨረሻ እዚህ ቅርብ ወዳለችው ሎጊያ ከተማ ወስጄ ፎርማት አስደረግሁት። ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ተጫነ። መብራቷም ጠፋች፤ ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ሳምንት ሳይሞላ እንደገና በራች። ላብድ ደረስኩ። ጎረቤቶቼን ጠረጠርኩ፤ ፎርማት ያደረገውን ሰው ሄጄ ሰደብኩት። ያልጠረጠርኩት ፍላሹን ብቻ ነበር። አባትየው የልጅቷን ቪዲዮ በስልክ አልልክም ብሎ በፍላሽ እያደረገ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ጋላፊ በሚያልፍ ሾፌር እጅ ይልክልን ነበር። እዚህ መንገድ ላይ መድኃኒቱም ቅቤውም የቤት ቁልፉም የሚላከው በሾፌር እጅ ነው። ሾፌር መኪናውን አቁሞ "አደራ ተቀበይ" ሲልሽ ውስጡ ምን አለ አይባልም፤ ነውር ነው። ተቀብለሽ፣ ውኃ አጠጥተሽ ትሸኚዋለሽ። እኛም ፍላሹ በመጣ ቁጥር ሮጠን እንሰካው ነበር።

የሚቀጥለው ሲመጣ ግን ነቃሁ፤ ለካ ሰላዩ የሚመላለሰው በፍላሹ ነው። ሾፌሩን ሸኝቼ ፍላሹን በድንጋይ ልፈጨው ተነሳሁ።

"እትዬ፣ ልጄ እኮ ናት ውስጡ ያለችው" አለች እህቴ እጄን ይዛ።

ኢንተርኔቱን አጥፍተን ከፈትነው። ልጅቷ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሁለት ጥርሷ ወልቆ፣ ወደ እኛ ታያለች።

"እማዬ፣ አባዬ በኮምፒውተር ያሳየኛል አንቺን። ትናንትም አይቼሻለሁ" አለች። "ለምንድን ነው የምታለቅሺው? አባዬ ሽንኩርት ነው አለኝ።"

ላፕቶፑን ብድግ አድርጌ፣ "አሁኑኑ ሎጊያ ሄጄ አስጠርገዋለሁ፤ ካሜራውንም በፕላስተር እደፍነዋለሁ፤ ሁለተኛ ከዚያ ሰው የመጣ ነገር እዚህ ቤት አይሰካም" አልኩ።

"አይሆንም፤ አስቀምጪው" አለች።

"ሰላይ ቤት ውስጥ አስቀምጠሽ ልትኖሪ ነው? አእምሮሽ አለ?"

"እሱ ካየኝ ይየኝ። እሷ እንዳትረሳኝ ነው።"

ተናደድኩባት። አሁንም እናደዳለሁ። ግን ላፕቶፑን ወደ ቦታው መለስኩት።

ማመልከቻውን በእጅ ጽፈን አስገባን፤ ቀጠሮ እየጠበቅን ነው። እኔ በካሜራው ፊት ሳልፍ አሁንም እንደ ሌባ ጎንበስ እላለሁ። እህቴ ግን እዚያ ፊት ማልቀስ ትታለች። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ፣ የምትጽፈው ሳይኖር ከፊቱ ትቀመጣለች። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ትኑር አትኑር፣ ድምፅም ይሂድ አይሂድ አናውቅም።

"ቁርስሽን በላሽ?" ትላታለች።