እህቴ የተረተረችው ጋቢ

ከሆስፒታሉ መድኃኒት ልገዛ ወደ ሲቀላ ሰፈር ወርጄ ስመለስ የእህቴ ጋቢ አራት አልጋ ላይ ተከፋፍሎ ነበር።

መጀመሪያ የተሰረቀ መሰለኝ። ከዚያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ባበጠ ፊቷ ስትስቅ አየኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የታመመችው ኩላሊቷን ነው። የነርሷን የፋሻ መቀስ ተውሳ፣ ስፌቱን ተርትራ፣ እጥፉን ቆርጣ አራቱን ንብርብር ለያይታዋለች። አንዱን ለራሷ አስቀርታለች። አንዱን ከገረሴ ለመጣው እግሩ ለተቃጠለ ልጅ፣ አንዱን መስኮቱ ሥር ለተኛችው ሕፃን፣ አንዱን ደግሞ አጠገባችን ልጇን ለምታስታምመው ነጋዴ ሰጥታለች።

"እነሱ እኮ ባዶ ላስቲክ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኙት፤" አለችኝ። "ጀርባቸው እየተጣበቀ ያለቅሳሉ። በዚህ ሙቀት ለእኔ አራት እጥፍ ምን ያደርግልኛል?"

እውነቷን ነው፤ አርባ ምንጭ ላይ ወፍራም ጋቢ ማን ይፈልጋል? እኔ ግን ሌላ ነገር ስለማውቅ ደሜ ፈላ። ሐኪሙ ለአባቴ "ብዙ ተስፋ የላትም" ካለው በኋላ፣ አባቴ ወደ መንደራችን ኦቾሎ ተመልሶ ሸማ መሥሪያው ላይ ተቀመጠ። "ለሆስፒታል ይሆናታል" እያለ ሠራው። ማናችንም አላመንነውም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በጋቢ ተጠቅልሎ ይቀበራል፤ ሸማኔ የራሱን ሰው በስስ ልብስ ከቀበረ ደግሞ ይታማል። አባቴ የሠራው የልጁን መገነዣ ነበር።

ይህን እንዴት ልናገር? እሷ ትሰማለች። ወደ ነጋዴዋ ሄጄ "ጨርቁን ይመልሱልኝ" አልኳት። በአፌ አንቱ ብላትም በልቤ አንቺ ነበረች።

"አልለመንናትም! ራሷ ናት የሰጠችን፤" አለች፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ። "ልጅ የሰጠውን አዋቂ ይነጥቃል?"

"የአባቴ ነው።"

"እንግዲያው አባትሽ ይምጣና ይጠይቅ! አንቺ የጋቢ ዘበኛ ነሽ?"

ሴቶቹ ሳቁ። የሕፃኗ እናት ልክ እንደማልሰማ ሁሉ "ይቺን የመሰለች ልጅ፣ እንዲህ ያለች ስስታም እህት!" አለች።

ጠላኋቸው። ልጆቻቸው ድነው እንደሚወጡ ሳስብ ልጆቻቸውንም ጠላሁ። ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ቧንቧው ጋ ጀሪካኔን በእግራቸው ገፋ አድርገው ቀድመውኝ ይቀዱ ነበር።

በአራተኛው ቀን የገረሴው ልጅ እናት ልብስ ልታጥብ ስትወጣ ጠብቄ፣ ጨርቁን ከልጁ ሥር ሳብኩት። ልጁ ጮኸ። ነጋዴዋ ብድግ ብላ እጄን መታችኝ።

"አታፍሪም? ከቁስለኛ ሥር?"

ያን ጊዜ እህቴ በጋሞኛ ጠራችኝ። ስጠጋት በጆሮዬ፣ "ለመቀበሪያዬ ከሆነ አንዱ ይበቃኛል፤ ትንሽ ነኝ" አለችኝ።

ማን እንደነገራት አልጠየቅኳትም። ተመልሼ ጨርቁን ለልጁ አነጠፍኩለት። ነጋዴዋ የፈራኋት መስሏት "እንዲህ ነው እንጂ!" አለች።

ቅዳሜ አባቴ መጣ። የቀረውን አንድ ንብርብር አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

"ማን ነው የቆረጠው?"

"እሷ ናት።"

ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ዳበሰው። "አላጣመመችውም" አለ። በማግስቱ ሌላ ሊሠራ ወደ ኦቾሎ ወጣ፤ ድሩን ሳይጨርስ ሞተች።

በዚያችው ስስ ጨርቅ ተጠቅልላ ተቀበረች። ከመቃብር ስንመለስ የአባቴ እህት በለቀስተኛው መሃል፣ "ለገበያ ሲሠራ የሚውል ሰው ለልጁ ሲሆን ክር አነሰው?" አለች። አባቴ አንገቱን ደፋ።

እኔ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን "ሦስቱን ለታመሙ ልጆች ሰጥታ ነው!" ብዬ ጮህኩባት። "ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ አካፍላ! አንቺ በሕይወትሽ ለማን ምን ሰጥተሻል?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አክስቴ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተችኝ።

"ታዲያ አንቺ አጠገቧ አልነበርሽም? እጅሽን አጣጥፈሽ አየሻት?"

እጄን እንዳላጣጠፍኩ፣ ከተቃጠለ ልጅ ሥር ጨርቅ እየጎተትኩ እንደነበር አልነገርኳትም።