እግር ያላት እባብ

ፈዬራ በ፲፱፻፲፰ ዓመተ ምሕረት ግድም አዳማ ላይ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ነበር። ሐዲዱን ይዞ ይሄዳል፣ ሐዲዱን ይዞ ይመለሳል። የላላ ብሎን ካየ ያጠብቃል። ሌላ የሚያየው ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ድንጋይ ሥር የሚኖረውን ሁሉ ያውቃል።

ሚስቱ ተሻለች የመንዝ ልጅ ናት። ቆላ ስትወርድ ወባና እባብ ተጠንቀቂ ብለዋት ነበር። ወባውን ቻለችው። አንድ ጠዋት ግን ጓሮ ካለው ግራር ሥር ቅጠል ስትጠርግ፣ ጣት የምታክል፣ ቅቤ የተቀባች የምትመስል ነገር ብልጭ አለችና አሸዋው ውስጥ ገባች።

«እባብ!»

«እንሽላሊት ናት እንጂ» አለ ፈዬራ። «እግር አላት። ትንሽ ስለሆነ ነው ያልታየሽ።»

«እግሯን ካላሳየኸኝ ነገ በሚያልፈው ባቡር እናቴ ጋ እሄዳለሁ» አለች። ዕቃዋንም ቋጠረች።

እንግዲህ ፈዬራ ትዳሩን ለማዳን ግራሩ ሥር በሆዱ ተኛ። እኔ ጎረቤት ነኝ፣ አጥር ተደግፌ አያለሁ። ፀሐይ ሞቅ ሲል እንሽላሊቷ ጭንቅላቷን ብቻ ብቅ ታደርጋለች። ቅጠሉ ውስጥ ምስጥ ትለቅማለች። ስትደነግጥ እግሯን ጎኗ ላይ ለጥፋ አሸዋውን እንደ ውሃ ትዋኘዋለች፤ እባብ የምትመስለው ለዚህ ነው። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጬ ይህን ያህል አላወቅኩም።

በማግስቱ ባቡሩ ከሩቅ ሲጮህ ፈዬራ እንሽላሊቷን አፈፍ አደረጋት።

«ኮቱ! ተሻለች ነይ፣ እግሯን ቁጠሪ!»

ስትደርስ እጁ ላይ የቀረው ጭራዋ ነው። ጭራው ለብቻው ይወራጫል።

ተሻለች ቋጠሮዋን እንዳቀፈች ጎንበስ አለች። «እግሯስ?»

«እግሯማ ሄደ።»

«ከማን ጋ?»

«ከእንሽላሊቷ ጋ።»

«ምስኪን። ልትሞት ነው?»

«አትሞትም። ሌላ ጭራ ታበቅላለች።»

«ዋሸህ!»

«ጠብቀሽ እያት።»

ባቡሩ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ተሻለች ግራሩ ሥር ቋጠሮዋ ላይ ተቀምጣለች።

በሦስተኛው ቀን ጉቶዋ እንሽላሊት ፀሐይ ልትሞቅ ወጣች። ተሻለች አራት እግር ቆጠረች። ለእኔ ነገረችኝ፤ ለባሏ ግን አልነገረችውም። «መቼ ነው የምትሄጅው?» ሲላት «ጭራው መቼ በቀለ?» ትላለች።

ከወራት በኋላ በቀለ። አጠር ያለ፣ ቀለሙም የፈዘዘ ነው።

ፈዬራ ፈራ። «ይኸው በቀለ» አላት ቀስ ብሎ።

ተሻለች አየችው። «ይኼ እንደ ድሮው አይደለም። እስኪሞላ እቆያለሁ።»

እስኪሞላ ስትጠብቅ ሰባት ዓመት ሆናት። ጓሮውን ትጠርጋለች፤ ግራሩ ሥር ያለውን ቅጠል ግን አትነካውም፣ ሌላ ሰውም አታስነካም።